የፓምፕ ቤቱ አረንጓዴ በተን

አባቷ ከሞተ በኋላ የፓምፕ ቤቱን የመቆጣጠሪያ ሳጥን የሚደፍር ሰው ጠፋ። የመጣው ባለሙያ ሁሉ ክዳኑን ይከፍታል፤ መስመር የሚቆርጥና የሚቀጥል አስራ አንድ ሪሌ ትከሻ ለትከሻ ተደርድሮ፣ ሽቦው እንደ ተበተነ ድርና ማግ ተጠላልፎ ያያል፤ ከዚያ «ይሄን የሠራው ሰውዬ ራሱ ይምጣ» ብሎ ክዳኑን መልሶ ይሄዳል። የሠራው ሰው ደግሞ ከተቀበረ መንፈቅ አልፎታል። በመጨረሻ የሰፈሩ ውሃ ኮሚቴ ሴት ልጁን አስጠራ። እሷም ኤሌክትሪሺያን ናት፤ ሙያውን የለመደችው ለአባቷ ካቻቢቴ እያቀበለች ነው።

«አቅልይልን፤ ማንም ከፍቶ የሚገባው አድርጊው» አሏት።

ፓምፕ ቤቱ መስኮት የሌለው አንድ ክፍል ነው። መሐሉ ላይ ፓምፑና ሞተሩ፣ ግድግዳው ላይ ሳጥኑ፤ ሌላ ምንም የለውም። የበሩ ጓጉንቸር መክፈቻ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ከጥበቃው አንገት አይወርድም። ጥበቃውን ሰፈሩ «ጋሽ አጣዳፊ» ይላቸዋል፤ በዕድሜያቸው አንድም ቀን ተጣድፈው ስለማያውቁ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀባት። አባቷ ቮልቴጅ ሲወርድ የሚቆርጥ አንድ ሪሌ፣ ሲወጣ የሚቆርጥ ሌላ፣ ከሦስቱ መስመር አንዱ ሲጠፋ የሚቆርጥ ደግሞ ሌላ አስሮ ነበር። ዛሬ ያን ሁሉ መዳፍ የምታክል አንዲት መጠበቂያ ብቻዋን ትሠራዋለች። ሪሌዎቹን እየነቀለች ካርቶን ውስጥ ጨመረቻቸው። ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት መጠበቂያዋ፣ ለሞተሩ መብራት የሚሰጠው ትልቁ ኮንታክተር፣ አረንጓዴው ማስነሻ በተንና ቀዩ ማቆሚያ ብቻ ሆኑ።

«ይዩ ጋሼ» አለቻቸው፤ «አረንጓዴውን ሲጫኑት ኮንታክተሩ ይገባል፤ ከዚያ ራሱን ይዞ ይቆያል። ቮልቴጁ ከተበላሸ መጠበቂያዋ ትጥለዋለች። በኋላ መብራቱ ቢስተካከል እንኳ ሰው ካልተጫነው አይነሳም።»

«ሰው ካልተጫነው» ብለው ደገሙት፤ ወደ ካርቶኑም አዩ። «ሁሉንም ነቀልሽው? ያቺን ዳር ላይ የነበረችውንም?»

ዳር ላይ የነበረችው ከሁሉም ታንስ ነበር። ከእሷ የወጣው ቀጭን ሽቦ በግድግዳው ጥግ አልፎ የበሩ መቃን ላይ ያበቃል። የድሮ አምፖል መስመር መስሏት ቆርጣዋለች።

«እሷማ ሥራም የላት። ጡረታ አወጣኋት» ብላ ሳቀች።

ሽማግሌው አልሳቁም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ። በሩ እንደተቆለፈ ፓምፑ ተነስቶ፣ የሰፈሩ ውሃ ታንከር ሞልቶ መንገዱን አጥለቅልቆታል። እየከነፈች መጣች። ኮንታክተሩ ተጣብቆ እንደሆን ፈታችው፤ ንጹሕ ነው። ሽቦ ተልጦ እንደሆን በቴስተር አንድ በአንድ ለካች፤ ደህና ነው። ድሮ ቢሆን ከአስራ አንዱ ሪሌ አንዱን ትጠረጥር ነበር። አሁን ግን አቅልላዋለች፤ በአረንጓዴው በተንና በኮንታክተሩ መካከል የሚጠረጠር ነገር አልቀረም።

በማግስቱ በሩ ተቆልፎ፣ እሷና ጋሽ አጣዳፊ ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ፀሐዩ ደምቋል፤ ማዶ ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ። ድንገት ከውስጥ *ጠቅ* የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው ኮንታክተሩ *ጓ* አለና ሞተሩ ተነሳ።

መክፈቻውን ከሽማግሌው አንገት መንትፋ በሩን በረገደችው። ማንም የለም። ወለሉ ላይ ከትናንት የራሷ ኮቴ ሌላ ዱካ የለም። አረንጓዴው በተን ላይ ያረፈው አቧራ ግን በአውራ ጣት ልክ ተጠርጓል። ክው ብላ ቀረች። ከዚያ ቀዩን ተጭና ሞተሩን አቆመችው።

ካርቶኑን ዘርግፋ ያቺን ትንሽ ሪሌ አወጣች፤ የቆረጠችውን ሽቦ ተከትላም እስከ መቃኑ ሄደች። ከመቃኑ ጋር አብራ ቀለም የተቀባች፣ በሩ ሲዘጋ የሚጫናት ማብሪያ አገኘች። ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። አባቷ በሩ ሲዘጋ አረንጓዴው በተን እንዳይሠራ አድርጎ አስሮታል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በተን የሚጫን እንዳለ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አባቴ ምን ነግሮዎታል?»

ጋሽ አጣዳፊ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ከአባትሽ በፊት ሌላ ፓምፕ ነጂ ነበር» አሉ። «ያኔ ይሄ መጠበቂያ የምትይው ነገር የለም። ድርቅ ነው፤ ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ 'ውሃ! ውሃ!' ይላል። ግር ብለው እንዳይገቡበት በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። መብራቱ ደክሟል፤ ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይዞርም። እሱ ይጫናል፣ ሞተሩ ይቆማል፤ ደግሞ ይጫናል። ሞተሩ ተቃጠለ፤ ክፍሉ በጭስ ታፈነ። በሩን ሰብረን ስንገባ አውራ ጣቱ አረንጓዴው ላይ ነበር።» ቀጥለውም «እኔም ከሚጮሁት አንዱ ነበርኩ» አሉ።

አዘነችለት። ግን ሥራው ሥራ ነው። የአባቷ ሪሌ አርጅታለች፤ አንድ ቀን ብትጣበቅ ያው ነው። ስለዚህ አዲስ አረንጓዴ በተን አምጥታ ከበሩ ውጭ ግድግዳው ላይ ገጠመች፤ መስመሩንም ወደዚያ አዞረችው። የውስጡን በተን ነቅላ ቀዳዳው ላይ የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ለጠፈችበት። ፓምፑም ከዚያ በኋላ በራሱ አልተነሳም።

በሳምንቱ ልታየው ተመለሰች። ናስትሮው ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ መሐሉ የአውራ ጣት ቅርጽ ይዟል፤ ጠርዙ ተልጧል። የስንት ቀን ግፊት እንደሆነ እንጃ።

ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ብረት ልትመታበት ትችል ነበር። አላደረገችውም። ከቦርሳዋ አሮጌውን በተን አውጥታ ወደ ቦታው መለሰችውና ቀለበቱን አጠበቀች።

«ሽቦውስ?» አሉ ጋሽ አጣዳፊ ከደጅ ሆነው።

«አንድም አልታሰረበትም ጋሼ። ይጫን፤ ማንንም አይጎዳም።»

በሩን ቆለፉ። የውጪውን አረንጓዴ ተጫነች፤ ውሃው በቧንቧው ሽቅብ መሄድ ጀመረ። ከውስጥ *ጠቅ… ጠቅ* ይላል፤ አንዴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ቀስ እያለ። ጋሽ አጣዳፊ ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉና፣ እንደ ድሮው ጮክ ብለው ሳይሆን በለሆሳስ «ደርሷል ወንድሜ፤ ውሃው ደርሷል» አሉ።

እሷ ዕቃዋን ሰብስባ ስትሄድ ሽማግሌው እዚያው በሩ ስር ተቀምጠዋል፤ ድምፁም ገና አልቆመም።