ራንታኦ የተቀበሩበት በረት

«አባባ፣ ቅድም እዚህ ጋ ነው ብለውኝ ችካል ተክዬ አልነበር እንዴ?» አለች ጎራታ መዶሻዋን ዝቅ አድርጋ።

«ቅድም ፀሐዩ ዓይኔን እየወጋኝ ነበር። ወደዚያ ጠጋ አድርጊው፤ ወደ ግራ» አሉ ከራንታኦ ዘመዶች መካከል አንድ ሽማግሌ።

«ምን ወደ ግራ ያስኬዳል! በበሩ በኩል ነው» አሉ ከአጥሩ ውጭ የቆሙ አሮጊት። «እናቴ ናት የነገረችኝ።»

«እናትሽ ደግሞ መቼ በረት ገብታ ታውቃለች?»

«እሷማ አልገባችም። አባትህ ግን ሲጠጣ ወሬ አይቋጥርም ነበር።»

የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ፤ ጎራታ ብቻ አልሳቀችም። ከቅርስ ቢሮ የተላከች ወጣት ናት። ጠዋት ወደ በረቱ ስትገባ ሥራው ቶሎ የሚያልቅ መስሏት ነበር። አሁን ግን መሬቱ ቀይ ጨርቅ በታሰረባቸው ችካሎች ተሞልቷል፤ አንዲት ፍየል ደግሞ የአንዱን ጨርቅ ተረጋግታ እየበላች ነው።

ዘመድ ሁሉ የየራሱን ቦታ ያሳያል፤ የሁለት ሰው ጣት አንድ ቦታ አያርፍም። ለነገሩ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። የሞሩላኔ ሰዎች በድሮው ጊዜ ትልቅ ሰው ሲሞትባቸው በገዛ በረቱ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ከዚያ ምቀኛና መተተኛ መቃብሩን እንዳያገኘው ከብቱን ሁሉ እየነዱ ያስረግጡበታል። መንደሩን የቆረቆሩት ራንታኦ ሲሞቱም እንዲሁ ተደረገ። ቀባሪዎቹ ሥራቸውን አሳምረው ሠርተው ኖሯል፤ ይኸው ምቀኛው ቀርቶ ዘመድም ሊያገኛቸው አልቻለም።

ዛሬ ግን መገኘት ነበረባቸው። ዋና ከተማዋ ጋቦሮኔ እየሰፋች እየሰፋች መጥታ ሞሩላኔን ከነማሽላ ማሳዋ ልትውጣት ምንም አልቀራት። በበረቱ ዙሪያ ትልቅ ሞል ሊሠራ የአንድ ግንባታ ኩባንያ ማሽኖች ተደርድረው ቆመዋል። ከሰዓት በኋላ ኮትላ በሚባለው የመንደሩ ሸንጎ የራንታኦ ዘር ታላቅ ተነሥቶ መቃብሩ የት እንዳለ መናገር አለበት፤ የሌላው ዘመድ ጣት ዋጋ የለውም።

የዘሩ ታላቅ ኬቦናንግ ናቸው። የደረሱትም ያን ጊዜ ነው፤ ፀጉራቸውን ተስተካክለው፣ ለልጃቸው ለፔሎ ሠርግ ያሰፉትን ሱፍ ለብሰው።

«ውጡ! ሁላችሁም ከዚህ ውጡ!» አሉ ገና ከአጥሩ ሳይደርሱ። «እናንተ ስለዚህ በረት የምታውቁት የፍየል በጠጡን ነው። ቦታው የሚነገረው በኮትላ ነው፤ የሚናገረውም እኔ ነኝ!»

ዘመዶቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ከኬቦናንግ ጋር የሚከራከር ሰው ዕድሜውን ያሳጥራል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበሩ፤ የሞሩላኔ ግማሽ ሰው መሪ የጨበጠው በእሳቸው ጩኸት ነው። የቀረውን ዕድሜያቸውን የሰጡት ሰው ለማረም ነው። ቀብር ላይ የሟች ታሪክ ሲነበብ ከኋላ ሆነው «ተሳስተሃል!» የሚሉት እሳቸው ናቸው። አብሮ አደጋቸው ቼኪሶ ደግሞ እሳቸውን ለማረም የተፈጠሩ ይመስላሉ። ሁለቱ አንድ ቀብር ላይ ከተገናኙ ሟቹ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያየ ዓመት ይወለዳል።

ኬቦናንግ «አላውቅም» ሲሉ የሰማ ሰው የለም። አንዴ መንገድ የጠየቋቸውን ሠርገኞች የማያውቁት ሰው ሠርግ ቤት ልከዋቸዋል። በኋላ ሲወቀሱም «ታዲያ እዚያስ ቢሆን ጠግበው በልተው አልተመለሱም?» ብለው ድርቅ አሉ።

እኚህ ሆዳቸው ወሬ የማያድርበት ሰው በሕይወታቸው አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቆይተዋል። ገና ጎረምሳ ሳሉ አባታቸው ወደ በረቱ አስገብተው አንድ ቦታ ላይ አቆሟቸው። በጣታቸው አላመለከቱም፤ በመቃብር ላይ ጣት አይቀሰርም። ባርኔጣቸውን አውልቀው «እዚህ ጋ ከብቶቹ መተኛት ይወዳሉ» ብቻ አሉ። ኬቦናንግ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ይህ ዕውቀት ለማንም ሳይነገር ሆዳቸውን ሲበላቸው ኖረ። ዛሬ በአደባባይ፣ ያውም በሱፍ ልብስ የሚነገርበት ቀን ደረሰ።

ጠዋት ክራቫታቸውን እያሰሩላቸው ባለቤታቸው የፔሎ እናት ደስ አላላቸውም ነበር።

«ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ ለእኔ ያልነገርከኝን ለኩባንያ ልትነግር?»

«ለኩባንያ አይደለም፤ ለታሪክ ነው።»

«ታሪክ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ክራቫት ካላሰራችሁ ማለት የጀመረው?» አሉና ቋጠሮውን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አደረጉት።

ምሳ ሰዓት ላይ የኩባንያው ኢንጂነር ባሩቲ ኬቦናንግን ከመኪናው ጥላ ሥር አስቀምጦ የዝንጅብል መጠጥና በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ዳቦ አቀረበላቸው። ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ኬቦናንግ ዘይቱ ሱፋቸውን እንዳይነካው እንደ ሽመላ አንገታቸውን አስግገው መብላት ጀመሩ።

«እንግዲህ የራንታኦን ቦታ በብረት አጥር ታጥሩታላችሁ፤ ሐውልቱም እዚያው ይቆማል» አሉ እያላመጡ። «ሞሉ ደግሞ ዙሪያውን ይሆናል ማለት ነው።»

«እንደሱ አይደለም አባቴ። አጽማቸው በክብር ተነሥቶ ወደ አዲሱ መቃብር ይዛወራል፤ አውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው። ሐውልቱም እዚያ ነው። በሞሉ በር ላይ ግን ‹ታሪኩን የነገሩን ክቡር ኬቦናንግ› የሚል የነሐስ ሰሌዳ እንሰቅላለን።»

ኬቦናንግ ማላመጣቸውን አቆሙ። ልባቸው ቅቤ ሆነ።

«‹ክቡር› የሚለው በትልቁ ነው የሚጻፈው?»

«በትልቁ።»

«ከሩቅ ይነበባል?»

«ከአስፋልቱ ማዶ ይነበባል አባቴ።»

ቼኪሶ በየቀኑ ዳቦ ሊገዙ በዚያ በር ሲገቡና ሲወጡ ታያቸው፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ነው በረቱን ያስታወሱት።

«በረቱስ ምን ይሆናል?»

ባሩቲ ስልኩን አውጥቶ የሞሉን ንድፍ አሳያቸው። በረቱ በነበረበት ቦታ ላይ እኩል እኩል የተሰመሩ ነጫጭ መስመሮች አሉ። «ይቺ ናት» አላቸው፤ «የመኪና ማቆሚያ ትሆናለች።»

ኬቦናንግ መስመሮቹን ያውቋቸዋል። እንደነዚህ ያሉትን በኳስ ሜዳው ላይ በኖራ ሲያሰምሩ ነው የኖሩት። ለሞሩላኔ ሰው መኪና ማቆም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ያስተማሩት ሰው ሁሉ እየተሰለፈ መጥቶ ራንታኦ ላይ ሊያቆም ነው። ያውም ግማሾቹ አጣመው። የቀረውን ዳቦ አስቀመጡት።

ተነሥተው ወደ ጎራታ ሄዱ። ፍየሊቱን ከችካሎቹ እያባረረች አገኟት።

«ልጄ፣ ይህ የመኪና ማቆሚያ የሚባለው ነገር ውሉ ላይ አለ?»

«አለ እንጂ አባባ። ውሉ በኮትላ ሲነበብ እርስዎ አልነበሩም?»

ነበሩ። ነገር ግን አንባቢው የመንደሩን የድሮ ስም አሳስቶ ስለጠራ እሱን በማረምና ከቼኪሶ ጋር በመጨቃጨቅ ላይ እያሉ ፍሬ ነገሩ አልፏቸዋል። ይህን ለጎራታ መንገር አላስፈለጋቸውም።

«ቦታው ካልታወቀስ?»

«ካልታወቀማ በረቱ በሙሉ እንደ መቃብር ይቆጠራል። አጥሩን አልፎ አካፋ አይገባም፤ ማቆሚያውንም ወደ ኋላ ይገፉታል። ፍየሎቹም ከብቶቹም እንዳሉ ይቀጥላሉ።» ቀና ብላ አየቻቸው። «ግን እርስዎ ያውቁታል፤ አይደል?»

«አንድ ሰው ‹አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም› ቢልስ?»

«ፍርድ ቤት ይወስዱታል። ዳኛ ፊት ደግሞ አልናገርም አይባልም።»

«ሌላ ቦታ ቢያሳይስ?»

«ይቆፈራል። እዚያ ካጡት ቀጥሎ ያለው ይቆፈራል፤ እንዲህ እያለ በረቱ ያልቃል።» ጎራታ ፍየሏ የጣለችውን ችካል አነሣች። «እኔ እንደሆንኩ አባባ፣ የምጽፈው በሸንጎ የተባለውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት፣ በምሳ ሰዓት የሰማሁትን እረሳዋለሁ።»

ኬቦናንግ አጥሩን ተደግፈው ቆዩ። በረቱን ይወዱታል፤ ለዚህ ምክንያት መደርደር አይችሉም። እበቱ ሲሸታቸው አባታቸው ከጎናቸው የቆሙ ይመስላቸዋል። ራንታኦን ለማዳን የሚያስፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ቢወጣ ደግሞ ቼኪሶ እስኪሞቱ ድረስ ሲደግሙት ይኖራሉ፤ በኬቦናንግ ቀብር ላይ ሳይቀር ያነቡታል። ጠዋት ዘመዱን ሁሉ ከበረት አባርሮ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ከሰዓት «አላውቅም» ማለት! ሰው ሌላውንም ታሪካቸውን ሁሉ ውሸት ነበር ይላል።

ኮትላው ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወንበር ወንበራቸውን ይዘዋል፤ ሴቶቹ በሌላው ወገን ተቀምጠዋል። በመሃል የተቀመጡት የመንደሩ አለቃ በወጣትነታቸው መኪና ወደ ኋላ ማቆም እምቢ ብሏቸው ኬቦናንግን ያስለቀሱ ሴት ናቸው፤ አሁን ግን ሁሉም ይፈራቸዋል።

ማንም ሳይጠራቸው ቀድመው የተነሡት ቼኪሶ ነበሩ። በሸንጎ ሁሉም ይናገራል፣ ክፉ ቃል የለም ተብሎ ስለሚታመን የሚያስቀምጣቸው አልተገኘም።

«ራንታኦ ወደዚህ አገር የመጡት ከምሥራቅ ነው» ብለው ጀመሩ፤ «በነጭ በሬ ላይ ተቀምጠው!»

የመጡት ከምዕራብ ነው። በእግራቸው። ይህን ኬቦናንግ ያውቃሉ፤ ቼኪሶም ቢሆኑ ሳያውቁት አይቀሩም። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኬቦናንግ ዞሮ «ተሳስተሃል!» እስኪሉ ጠበቀ። ኬቦናንግ ግን የባርኔጣቸውን ጠርዝ ነክሰው ዝም አሉ። ዛሬ አፋቸውን አንዴ ከከፈቱት እንደማይዘጉት ራሳቸውን ያውቁታል።

ቼኪሶ ግራ ገባቸው። ተቃዋሚ ሳይኖር መናገር አልለመዱም። ጥቂት ጠብቀው ጨመሩበት፦ «በሬውም የአያቴ በሬ ነበር። ለራንታኦ ያዋሱት አያቴ ናቸው!»

ከሴቶቹ ወገን የፔሎ እናት ግማሽ ተነሡ። «ምን ነካው ሰውዬውን? አመመው እንዴ?» ሲሉ ከጎናቸው ያሉት ሁሉ ሰሟቸው።

ኬቦናንግ ላብ በላብ ሆነዋል። ባርኔጣው ላይ የጥርሳቸው ምልክት ወጥቷል።

«መልካም» አሉ አለቃዋ። «ቼኪሶ፣ ስለ በሬው እናመሰግናለን፤ ይቀመጡ። የፔሎ አባት፣ የራንታኦ ዘር ታላቅ እርስዎ ነዎት። መቃብሩ የት እንዳለ ይንገሩን። አደራዎን፣ ከዓለም አፈጣጠር አይጀምሩ፤ ሊመሽ ነው።»

ሳቅ ሆነ። ኬቦናንግ ተነሡ። ባሩቲ ስልኩን ወደ እሳቸው አነጣጥሯል፤ ጎራታ ብዕሯን ይዛለች። ቼኪሶ ደግሞ ከመቀመጫቸው ጫፍ ላይ ሆነው አንገታቸውን አስግገዋል፤ የሚያርሙት ነገር ርቧቸዋል። የነሐሱ ሰሌዳ ከነትልቁ ‹ክቡር› በኬቦናንግ ዓይን ላይ አንድ ጊዜ ውል አለ።

«አላውቅም» አሉ።

አለቃዋ እጃቸውን ወደ ጉንጫቸው አደረጉ፤ ባሩቲ ስልኩን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ኮሲ! አለቃችን!» ብለው ቼኪሶ ዘለው ወደ አለቃዋ ዞሩ፤ ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል። «ይድገመው! በአምላክ ይድገመው! ልጆቼ ከኋላ ናቸው፤ አልሰሙም!»

ኬቦናንግ ወደ ሴቶቹ ወገን አዩ። የፔሎ እናት አፋቸውን በሻርፓቸው ይዘዋል፤ ትከሻቸው ይርገፈገፋል፤ ያልቅሱ ይሳቁ አይለይም።

«ራንታኦ በረቱ ውስጥ ነው የተቀበሩት» አሉ ኬቦናንግ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከአጥሩ ውጭ የቆመው እንዲሰማ። «የት ጋ እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም!»

ጎራታ ጽፋ እስክትጨርስ ቆመው ጠበቋት። ከዚያ ተቀመጡ።