የፋርማሲ ቴርሞስ

የልብስ ሰፊዋን አክስት ሰፈሩ ሁሉ «ፋርማሲ» ነበር የሚላት። ለራስ ምታት ቅጠል፣ ለሆድ ቁርጠት ሥር፣ ለአስቸጋሪ ባል ደግሞ ምክር ከቦርሳዋ አይጠፋም። የልብስ ሰፊዋ ሆድ መግፋት የጀመረ ዕለት ይህ ሁሉ ሀብት በአንድ ሰው ላይ ዘመተ።

ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያ ፅንሷን በስድስት ወሯ አጥታለች። ይሄኛውም ስድስት ወር ሲሞላው እንቅልፍ ሸሻት። እየሰፋች ድንገት ቆም ብላ ሆዷን ታዳምጣለች፤ አንዴማ የሙሽራ ቀሚስ እጅጌ አፉን ጥርቅም አድርጋ ሰፋችው።

«ጭንቀት ነው» አለች ፋርማሲ። «ዝንጅብል ይፈታዋል።» በየጠዋቱ አንድ ቴርሞስ ሙሉ አፍልታ ከስፌት ማሽኑ አጠገብ ታስቀምጣለች።

«ዝንጅብል ያቃጥላል እንጂ መች ያረጋጋል!» አለች የባሏ እህት። እሷ ደግሞ እውቀቷን ሁሉ ያገኘችው ከስልኳ ነው። «አየሩን በአፍንጫሽ አስገቢ። ያዢ! ያዢው! አትልቀቂ አልኩሽ!» ነፍሰ ጡሯ ልትታፈን ትደርሳለች። «አሁን ተረጋጋሽ?»

«አዎ» ትላለች፣ እንድትተዋት።

አንድ ሰሞን ዝንጅብሉ መጣፈጥ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ «አክስቴ አዝናልኝ ስኳር ጨመረችበት» ብላ አሰበች፤ ቴርሞሱንም በየቀኑ ትጨልጠው ጀመር።

በክትትሏ ቀን ሁለቱም ካልሄድን ብለው ተከተሏት። አዋላጇ የደም ግፊቷን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ፊቷን ቋጠረች። «ከፍ ብሏል፣ እህቴ። እኛ ካዘዝንልሽ ውጪ የምትወስጂው ነገር አለ?»

«ምንም!» አለች ፋርማሲ።

«እናቴ፣ የጠየቅኩት እሷን ነው።»

«እኔና እሷ አንድ ነን።»

ልብስ ሰፊዋ አክስቷን አየቻት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ በሰው ፊት ልታዋርዳት አንጀቷ እንቢ አለ። ወዲያው ግን ያኔ ባዶ እጇን ከሆስፒታል የወጣችበት ቀን ትዝ አላት። ቴርሞሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው።

አዋላጇ ከፍታ አሸተተች፣ ቀመሰችም። «ይሄማ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ነው። ግፊት ይጨምራል! ማነው ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው?»

«ምን ሥር? ዝንጅብል ነው!» ፋርማሲ በክዳኑ ቀድታ ፉት አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄ... የኔ አይደለም።»

የባሏ እህት ጣሪያ ጣሪያውን እያየች በአፍንጫዋ ማስገባት፣ በአፏ ማስወጣት ጀመረች።

«አንቺ!» አለች ፋርማሲ።

«ዝንጅብሉን እየደፋሁ በሱ ቦታ ይሄን ስሞላ ነበር። ያረጋጋል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«በገዛ ቴርሞሴ?»

«እማማ፣ እርስዎስ ቢሆኑ ለእግሯ ማሻ ያመጣሁትን ቅባት ለበራችሁ ማጠፊያ አድርገውት የለ?»

«በሩ ግን ጩኸቱን ትቷል!»

«ሁለታችሁም ውጡልኝ» አለች አዋላጇ።

ልብስ ሰፊዋ በግራ ጎኗ ተጋደመች። ተንፍሺ የሚላት የለ፣ ጠጪ የሚላት የለ። ቆይቶ ግፊቷ ሲለካ ትንሽ ወረድ ብሏል። «ሥሩ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም» አለች አዋላጇ። «በዚህ ሳምንት ተመልሰሽ ትለኪያለሽ። ራስሽን ካመመሽ ወይም ዓይንሽ ብዥ ካለብሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ።» ከዚያ የፅንስ ልብ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አሳርፋ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ድም ድም ድም ድም።

በሩ በርገድ አለ። ሁለት ራሶች ብቅ አሉ።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሮጠው?» አለች ፋርማሲ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«እናንተን ሰምቶ ነዋ!» አለች አዋላጇ።

በማግስቱ ቴርሞሱ እንደ ወትሮው ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጠ። ውስጡ ውሃ ብቻ ነው። ፋርማሲ ወንበር ስባ በአንድ በኩል ተቀመጠች፣ የባሏ እህት በሌላ በኩል፤ አንዳቸው ሌላቸውን ሊጠብቁ። እንዳይነሱ ቴርሞሱን ለማን አምነው ይተዉ፤ እንዳይናገሩ ተኳርፈዋል። ቤቱ ጸጥ አለ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች፣ ግንባሯን ማሽኑ ላይ ጣል አደረገች፣ ማንኮራፋትም ጀመረች።