የፀደይ ውሃ

ፎቶ አንሺው ገበያው ወረታ ከተማ ያለውን ፎቶ ቤቱን የአኒሜሽን ስቱዲዮ ላደርገው ነው ሲል ያልሳቀበት ሰው አልነበረም። ምን ይፈረድባቸዋል! ያኔ ሥራው በሰርግ ቪዲዮ ላይ ርግብ ማብረርና ልብ ማንሳፈፍ ነበር። ስቱዲዮውን ስቱዲዮ ያደረገችው በየክረምቱ ጎርፍ የሚገባበት የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ልጅ ፀደይ ናት። ሌሎቹ በኮምፒዩተር የሚሠሩት ውሃ ሰማያዊ ብርጭቆ ይመስላል። እሷ ግን ጎርፍ ሲመጣ በበር ሥር ድምፅ ሳያሰማ እንደሚገባ፣ የሩዝ ገለባና እበት ተሸክሞ እንደሚዞር፣ መልኩም የጭቃ እንጂ የሰማይ እንዳልሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታለች።

ለአንድ የአዲስ አበባ ፊልም ጎርፍ ሥሩልን በተባሉ ጊዜ፣ ብቻውን የሚኖረውን የአባቷን የማረውን ቤት ቀርጻ በኮምፒዩተር ውሃ አጥለቀለቀችው። ሲቀረጽ ማረው ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ እጁን እያውለበለበ ይስቅ ነበር።

"በይ እንግዲህ አስጥሚኝ! በልጄ እጅ ከሆነ ምን ቸገረኝ!"

ፊልሙ ወጣ፤ ስማቸው ናኘ፤ ሥራው እግር በእግር ይመጣ ጀመር። የፎቶ ቤቷ ጓዳ ፎቅ ሆነች። ፀደይም የውሃ ክፍል ኃላፊ ተባለችና መሥራቱን ትታ ማረም ያዘች። ጀማሪዎቹ የሚለማመዱት በዚያው በአባቷ ቤት ቪዲዮ ነው፤ እየደጋገሙ ያሰጥሙትና ከየስልካቸው ይልኩላታል። እሷም አንድ ሁለት መስመር ጽፋ ትመልሳለች። የማንን ቤት እያየች እንደሆነ ልብ ማለት ካቆመች ቆይታለች። ዕድገት ይሉታል ይህን!

ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ዳሩን ሰበረ። ከተማው ውስጥ ግን ዝናብ ከመሆን በቀር ምንም አልተሰማም። ፀደይ ወደ ስብሰባ ስትጣደፍ ከማታውቀው ቁጥር ቪዲዮ ገባላት። የአባቷ ቤት፣ እስከ ቆርቆሮው ጫፍ የደረሰ ውሃ፣ ላዩ ላይ እጁን የሚያውለበልብ ሰው። ድምፁን እንኳ አልከፈተችም።

"ይኼ ደግሞ የትኛው ጀማሪ ነው?" አለችና ጻፈች። "ውሃው አልከበደም። ሰውየው እጁን አበዛው፤ ዝም ብሎ ይቀመጥ።"

ከስብሰባው ስትወጣ ገበያው ፊቱ አመድ መስሎ በሩ ላይ ጠበቃት። ቁሐር ሚካኤል በውሃ መዋጡን ነገራት። ያየችው ቪዲዮ ምን እንደነበረ የገባት ያን ጊዜ ነው። በገበያው መኪና ውሃው ዳር ሲደርሱ ባለጀልባው በእውቀቱ ሰዎች እያወረደ ነበር።

"አባየስ?" አለችው።

በእውቀቱ አቀረቀረ። "ከሩቅ አይቸዋለሁ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። እሱ ግዴለም ብየ፣ እጃቸውን ወደሚያውለበልቡት ቀደምሁ። ስመለስ ግድግዳው ሟሙቶ ቤቱ ተደርምሷል።"

ሬሳው በማግስቱ ከሩዝ ማሳ ውስጥ ተገኘ። ገበያው ለለቅሶው የማረውን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ አመጣ፤ ቆርቆሮው ላይ ሆኖ ሲስቅ የተቀረጸውን። ፀደይ ፎቶውን ማየት አቃታት። ያ የጻፈችው ነገር ሳይነበብ ውሃ በልቶት በሆነ ብላ በልቧ ለሚካኤል ተሳለች። ሌላ የቀራት ተስፋ አልነበረም።

በሠልስቱ ጎረቤታቸው አያልነህ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ቪዲዮውን ዋርካ ላይ ሆኖ የላከው እሱ ነበር፤ ማረው "ለልጄ ላክላት፣ እሷ ታውቃለች" ብሎ ከቆርቆሮው ላይ ስለ ጮኸለት።

"የጻፍሽው ደርሶኛል፣ ልጄ" አላት ሊያጽናናት። "አንች የተማርሽ፣ የውሃን ነገር የምታውቂ ነሽ ብየ ወዲያው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርሁት። 'ፀደይ እጅህን አታብዛ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ ብላሃለች' አልሁት። እሱም 'እሷ ካለችማ' አለና እጁን አወረደ።"