ከነጥቡ በፊት ያለው መጋረጃ

መጋረጃ ሰፊዋ በወንድሟ ሱቅ ጓዳ፣ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆማ የድረ ገጿን አድራሻ በስልኳ ከፈተች። የወጣው ግን የወንድሟ ሶፋ ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ ጻፈች። ያው ሶፋ፣ ከሥሩም የወንድሟ ስልክ ቁጥር። ቆሽቷ አረረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ የቤት ዕቃ ይሠራል። የሱቁን ድረ ገጽ የሠራችለት እሷ ናት፤ ገጹ የሚቀመጥበትን የሆስቲንግ አካውንት ግን በእሱ ስም ከፈተችው፣ ያኔ ፍቅር ነበራ። ለራሷ ሌላ አካውንት ከመግዛት ብላም ከሱቁ አድራሻ ፊት «መጋረጃ» የሚል ቃልና አንዲት ነጥብ ጨምራ ሰብዶሜን አወጣች። በአንድ ግቢ ሁለተኛ በር እንደ ማውጣት ነው። ደንበኞቿ በዚያ በር ገብተው ሥራዋን ያያሉ፣ ይደውላሉ። ግቢው የማን እንደሆነ አስባው አታውቅም።

አሁን ደግሞ አንድ አዲስ ሆቴል ለክፍሎቹ በሙሉ መጋረጃ ሊያሰፋ ነው። የግዢ ኃላፊዋ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሥራዎን በድረ ገጹ አይቼ እወስናለሁ ብላታለች። ይህን ሥራ ብታገኝ ከዚህ ጓዳ ወጥታ የራሷን ቤት ልትከራይ ነው። ደስታዋን መቻል አቅቷት ይህንኑ ለወንድሟ ነገረችው፤ ጅል።

ወደ ሱቁ ስትወጣ ወንበር ቫርኒሽ እየቀባ ነበር። ቀና እንኳ አላለም። አድራሻዬን ምን አደረግኸው ብትለው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ሱቁ ገጽ አዙሬዋለሁ አላት። ሆቴሉ ከእሱ ጋር ይዋዋላል፣ እግረ መንገዱንም ሶፋውን ይሸጣል፣ እሷ እንደ ልማዷ ትሰፋለች። ታዲያ ምን ጎደለባት?

«ጋሼ፣ መልሰው» አለችው። «የደከምኩበት ነው።»

«በእኔ ስም ላይ የተለጠፈ ነገር የእኔ ነው፣ ሚጣ። ለብቻሽ ደግሞ ማን ያምንሻል? ሂጂ ስፊ።»

ሚጣ። ሁለት ልጅ ወልዳም ሚጣ።

ጓዳ ገብታ ላፕቶፗን ከፈተች። በአካውንቱ ገብታ አድራሻውን ወደ ራሷ ገጽ መለሰችው። ጥቂት ቆይታ ብታይ እንደገና ሶፋው። ከግድግዳው ወዲያ ሲስቅ ሰማችው። ለግዢ ኃላፊዋ ደወለች፤ ሴትየዋ ወንድምዎ ቀድመው ደውለውልኛል፣ ውሉን ከእሳቸው ጋር ነው የምንጨርሰው፣ አሁን ምሳ ላይ ነኝ፣ ስመለስ ገጹን አየዋለሁ አለቻት።

መጋረጃ ሰፊዋ ስልኩን አስቀምጣ ቁጭ አለች። በአካውንቱ ውስጥ የእሷ ፎልደር አለ። ሶፋውንም መጋረጃውንም ፎቶ ያነሳችው እሷ ነበረች፤ ቦታ እንዳይሞላ ብላም ፎቶዎቹን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እዚያው የራሷ ፎልደር ውስጥ አስገብታ የወንድሟ ገጽ ከዚያ እየሳበ እንዲያሳይ አድርጋለች። ወንድሟ ይህን አያውቅም፤ በሩን እንጂ ጓዳውን ዞሮ አይቶት አያውቅም።

ፎልደሩን ወደ ላፕቶፗ አወረደች። ከዚያ ከአካውንቱ ላይ አጠፋችው። ምን እንደሚከተል አሳምራ ታውቃለች። ሥራው ለእሱ ቢሄድም መጋረጃውን የምትሰፋው እሷው ነበረች፤ እንጀራዋ አይቀርባትም ነበር። ይህንንም ታውቃለች። ቢሆንም አጠፋችው።

ከሰዓት በኋላ የወንድሟ ስልክ ጮኸ። ኃላፊዋ ገጹን ብከፍተው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው፣ የሚታይ ሥራ ከሌላችሁ ለሌላ ሰፊ ሰጥቻለሁ ብላ፣ ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት ዘጋችበት። ፊቱ አመድ መስሎ ጓዳ ገባ።

«ፎቶዎቹን የት አደረግሻቸው?»

«ያንተን አልነካሁም» አለችው፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል። «የራሴን ነው የወሰድኩት።»

«ሥራው እኮ ለሌላ ሰው ሄደ። ለሁለታችንም ቀረ።»

«ይቅር።»

በሩ ላይ ቆሞ በቫርኒሽ የተነከረ እጁን በልብሱ ደጋግሞ ጠረገ። እሷ ያን እጅ አይታ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሄዶ እስኪቀመጥ ድረስ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ እስክትሰማ ድረስ፣ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ልትከራየው የነበረው ቤት አብሮ መሄዱ ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው።