ምስጋናው ሲያካፍል

ምስጋናው ሚስቱን መናቅ የጀመረው ሊፋቱ ሲሉ አይደለም። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ያለውን ፎቶ ቤት አብረው ከከፈቱ ጊዜ ጀምሮ ነው። እሱ የከተማ ልጅ፣ ካሜራ አንጠልጥሎ ከሰርግ ሰርግ የሚዞር፤ ሚስቱ የብርጓል ደግሞ ሮብ ገበያ ከምትባል የገጠር ከተማ የመጣች፣ በእሱ አነጋገር «ከገብስ ማሳ ጎትቼ ያወጣኋት»። እሺ፣ ጎትቶ ያውጣት። የመታወቂያ ፎቶውን የምታሰናዳ፣ ማመልከቻውን የምትተይብ፣ የተማሪውን ሰርተፍኬት የምትሠራ ግን ማን ሆነችና ነው? እሱ እንደሆነ በር ላይ ቆሞ ሲያወራ ነበር የሚውለው።

ፍቺው ላይ ሁለቱም ተስማሙ። ለንብረቱ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስና ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ አበረ። ሙግቱ ሲሰለቻቸው፣ «አንተ ለሁለት መድብ፣ እሷ የፈለገችውን ታንሳ። ከምርቃት በኋላ ወደ ኋላ የሚል የለም» ብለው ፈረዱ።

የሚካፈሉት አሮጌውን ኮምፒውተር፣ ገና ከካርቶኑ ያልወጣውን አዲሱን፣ ካሜራውን፣ ፕሪንተሩንና የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ነው። ነገሩን ለሚያውቅ ግን ፎቶ ቤቱ ማለት አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው። የስንት ዓመት የደንበኛ ፎቶ፣ የስንት ትምህርት ቤት ሰርተፍኬት፣ የሰርጉ ቪዲዮ፣ መተየቢያው፣ ዊንዶውሱ ሳይቀር ያለው እሱ ላይ ነው። ያንን የያዘ ነገ ሌላ ቦታ ሱቅ ይከፍታል፤ ያጣ ከዜሮ ይጀምራል።

ምስጋናውም አሰበበት። እሁድ የብርጓል ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ካቻቢቴ ይዞ አሮጌውን ፈታ፣ ዲስኩን ነቀለ፣ አዲሱ ውስጥ ገጠመው። «ያቺ ገጠሬ የለመደችውን ሣጥን ነው የምታቅፈው። ካሜራና ፕሪንተር ከጨመርኩላትማ ዞር ብላም አታይ። ባዶውን ተሸክማ ትሂድ» አለ ለራሱ። ዐይኑን በጨው የታጠበ ሰው አያፍርም፤ እንዲያውም ሥራውን ሲጨርስ እያፏጨ ነበር።

አዲሱን ሲያበራው ግን ስክሪኑ ጠቆረ። መሃል ላይ ነጫጭ ነጥቦች ክብ ሠርተው መዞር ጀመሩ፤ ከሥራቸው በእንግሊዝኛ «መሣሪያዎቹን እያሰናዳሁ ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። የቆየ ዲስክ ከነዊንዶውሱ አዲስ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ አዲሱን ቤት እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ምስጋናውን ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር ሲያልፍም አልነካው። ጥቂት አየና አጠፋው። አበራው፣ ነጥቦቹ ዞሩ፣ አጠፋው። እንደገና አበራው፣ ጎኑን በጥፊ መታው፣ አጠፋው። ጽሑፉን ልብ ብሎ እንኳ አላነበበም። «ዲስኩም ኮምፒውተሩም ተቃጥሏል» ብሎ ደመደመና ሐሞቱ ፈሰሰ። ዲስኩን መልሶ አሮጌው ላይ እንዳይሞክረው የብርጓል ድምፅ ከበር ተሰማ።

መጸጸት የሚያውቅ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይጸጸት ነበር። እሱ ግን ያሰበው የሞተውን ኮምፒውተር ከነዲስኩ ለማን እንደሚያሸክም ብቻ ነው።

ሰኞ ሽማግሎቹ ሲመጡ፣ አዲሱን ኮምፒውተር ከፕሪንተሩና ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጋር እንዲያጓጓት በአንድ ወገን ደርድሮ፣ በሌላው ወገን ካሜራውንና አሮጌውን ኮምፒውተር ብቻ አስቀምጦ ጠበቃቸው።

«ለእሷ ያዳላህ መሰለኝ» አሉት ጋሽ አበረ።

«ሴት ናት ጋሼ፣ ትጠቀም ብዬ ነው» አለ። ወይ አለማፈር።

የብርጓል አሮጌውን ዞራ ከኋላው አየችው። ከዚያ አዲሱን አየች፣ ከዚያ እሱን።

«አዲሱን» አለች።

የምስጋናው አንጀት ቅቤ ጠጣ። የሚያብለጨልጭ ካየች አለቀላት ብሎ በልቡ ሳቀባት። እሁድ አሮጌ ነገር ታቅፋለች ብሎ የናቃት ሰው፣ ሰኞ አዲስ ነገር ይማርካታል ብሎ ናቃት። መናቁን እንጂ ምክንያቱን ይዞ አያውቅም።

ነገር የመጣው ጋሽ አበረ፣ «ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይነሣ እስቲ ይብራና እንየው» ሲሉ ነው።

«አዲስ ስለሆነ ለመነሣት ይቆያል» አለ ምስጋናው ቶሎ ብሎ። «እሱ እስኪነሣ እርስዎ ይመርቁን፣ መሪጌታ።»

ምርቃቱ ካለቀ ፍርዱ ታተመ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ቢነሣም ባይነሣም የእሷ ዕዳ ይሆናል። የብርጓል ማብሪያውን ተጫነች። ነጥቦቹ መዞር ጀመሩ።

መሪጌታ ብድግ አሉ። እሳቸው ደግሞ መመረቅ ሲጀምሩ ቸኩለው አያውቁም። ከደብሩ ተነሥተው ወደ ከተማው ሰላም፣ ወደ ዝናሙ፣ ወደ አዝመራው፣ ወደ ከብቱ ሄዱ። ምስጋናው ማሳጠር የሚቻል መስሎት ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ አስበልጦ «አሜን» ይላል።

«የተካፈላችሁት ይባረክላችሁ።»

«አሜን!»

«በዛሬው ፍርድ የሚጸጸት አይኑር።»

«አሜን!»

አሜኑ ሲደምቅላቸው የመሪጌታ ልብ ሞቀና ጨመሩበት። የሁለቱንም ወገን ሙታን በየስማቸው እየጠሩ ነፍስ ይማር አሉ። ምስጋናው ዐይኑን ከስክሪኑ መንቀል አቃተው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ጠበቀ።

መሪጌታ ጨርሰው ሲቀመጡ ስክሪኑ በራ። ሰርተፍኬቱ፣ የሰርጉ ቪዲዮ፣ የደንበኛው ፎቶ፣ በየስሙና በየዓመቱ፣ የብርጓል እንዳስቀመጠችው አንድም ሳይጎድል ተደርድሮ ወጣ።

ጋሽ አበረ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ። «ይህ ገና ከካርቶን የወጣ ዕቃ አይደለም እንዴ? የቤታችሁ ሥራ መቼ ገባበት?» ወደ እሱ ዞሩ። «ምስጋናው፣ አንተን ነው የምጠይቀው።»

«ይሄማ… እንደገና ቢታይ ነው የሚሻለው» አለ ምስጋናው።

«ከምርቃት በኋላ?» አሉ መሪጌታ። «አሜን ስትል እኮ ጣራው ሊነሣ ነበር።»

የብርጓል አንድ ሁለት ፎቶ ከፍታ አየችና ዘጋች። ከዚያም ቀና ሳትል ወደ አሮጌው ሣጥን በአገጯ ጠቆመች።

«ያንን ይዘህልኝ ሂድ፣ ቤት ያጣብባል» አለችው። «ሌላ ጊዜ ስትሰርቅ ደግሞ ብሎኖቹን መልሰህ እሰር።»