የቱሉ ጠርሙስ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ኮልፌ ውስጥ ሃያ አልጋ ብቻ ያላት አንዲት ሆስፒታል ነበረች። የቃጠሎ ክፍሉን የምትይዘው ሲስተር ዘመነች ስትሄድ የምትሮጥ፣ ስትቆም የምትቆጥር፣ እጇ ግን እንደ ጥጥ የለሰለሰ ሴት ነበረች።

አንድ ሐሙስ፣ አስኮ ጋራዥ የሚሠራው ቱሉ ቤንዚን ነዶበት መጣ። ደረቱም፣ ሁለት እግሩም። ልጆቼ፣ የተቃጠለን ሰው ቁስሉ ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ የሰውነቱ ውሃ በተላጠው ገላ እየተንጠፈጠፈ ያልቅበታል። ስለዚህ ግሉኮስ በደም ሥሩ ይገባለታል፤ ሽንቱ ደግሞ በቀጭን ጎማ አልጋው ስር ወዳለ ጠርሙስ ይወርዳል። ሽንቱ ከወረደ ኩላሊቱ እየሠራ ነው፤ ሰውየውም ተስፋ አለው።

ሌሊቱን ደህና ወረደ። ዓርብ ጠዋት ግን ዘመነች ጎንበስ ብላ ስታይ ጠርሙሱ ባዶ! ሦስት ሰዓት ላይ ባዶ። አራት ሰዓት ላይም ባዶ!

ዶክተር ገብረወልድ ራሱን ነቀነቀ። «ኩላሊቱ ቆሟል። ውሃው መውጫ ካጣ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ያፍነዋል። አምስት ሰዓት ላይ ግሉኮሱን እዘጋዋለሁ።»

«ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ቢዘጉትስ? ደርቆ ይሞታል እኮ!»

«ደህና ከሆነ ሽንቱ የታል?»

ዘመነች ጎማውን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው፤ አልታጠፈም። የቱሉን ምላስ አየች፤ ርጥብ ነው። የልብ ምቱም ደህና።

«ሲስተር፣» አለ ቱሉ በደከመ ድምፅ፣ «አስተማሪ እንኳ የቤት ሥራ እናንተ ሽንት እንደምትጠይቁኝ አልጠየቀኝም።»

«አንተ ቀልድ! ሰዓቱ እየሄደ ነው!» አለችና ጠርሙሱን ብድግ አደረገችው። ውጪው ርጥብ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ልጃቸው አጠገብ ወደ ተቀመጡት እናት ዞረች።

«እማማ ጉዲቱ፣ ይህን ማን አጠበው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ አሮጊቷ ኮራ ብለው። «ዛሬ አባ ቀጄላ ሊጠይቁት ይመጣሉ፤ የእጮኛው አባት። ታዲያ አማት ፊት ሽንት ተጎልቶ ይጠብቃቸው? ነውር አይደለም እንዴ! ጠብ ባለ ቁጥር በነጠላዬ ሸፍኜ እየወሰድኩ ደፋሁት።»

«ስንቴ ደፉት?»

«ኧረ ማን ቆጥሮ! ይሄ ልጅ እንደሆነ እንደ ቦኖ ውሃ ነው!»

ዘመነች ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ዞር ስትል ዶክተሩ ግሉኮሱን ሊዘጋ እጁን ዘርግቷል።

«እንዳይነኩት ዶክተር! እየሸና ነው!»

«በዓይኔ ልየው» አለ እሱም።

ጠርሙሱ ቦታው ተመለሰ። እማማ ጉዲቱ ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው አመድ መሰለ፤ «ልጄን በእጄ ልገድለው ነበር!» ብለው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። በሽተኛው ሁሉ ካለበት አንገቱን አሰገገ።

ጠብ።

ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ…

እናትየው እልልታቸውን አቀለጡት! ዘመነች ዶክተሩን አቅፋ ልትስመው ምንም አልቀራት። ልክ በዚህ መሀል አባ ቀጄላ ብርቱካን በዘንቢል ይዘው በር ላይ ብቅ አሉ።

«አባ ቀጄላ! ይምጡ ይዩልኝ!» አሉ እማማ ጉዲቱ፣ አማት ፊት ማፈሩን ረስተው ወደ ጠርሙሱ እየጠቆሙ። «ልጄ ሸና!»

ቱሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባ ቀጄላ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና ጠርሙሱን አተኩረው አዩ።

«ጎበዝ!» አሉ። «ጨምር ልጄ፣ ጨምር!»