አረንጓዴው ማዶ

ትርንጎ የመጀመሪያውን ቀይ ከኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የላጠችው በአውራ ጣቷ ጥፍር ነው። ቀዩ አልተቀደደም። ስስና ለብ ያለ ነበር፤ ስፋቱ ከቴምብር አይበልጥም። ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ። ቀዩን በሶፍት ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጥፍሯ ላይ የቀረው ቅላት በሳሙናም በሎሚም አልለቀቀም።

ይህን ያደረገችው በይሉኝታ ነው።

ትርንጎ የምትሠራበት ድርጅት በገጠር ወንዞች ላይ የእግረኛ ድልድይ ይሠራል። ሥራ እየዘገየ ስላስቸገረ ከአዲስ አበባ የፕሮጀክት መከታተያ ሶፍትዌር ተገዛ። በሶፍትዌሩ ላይ እያንዳንዱ ሥራ የባለቤቱን ስም ይዞ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ካለቀ ሳጥኑ አረንጓዴ፣ ቀኑ ካለፈበት ቀይ ይሆናል። ትርንጎ በምህንድስና የተመረቀች ናት። ሰው ፊት ስትናገር የሻርፗን ጫፍ ትጠመዝዛለች፤ ኮምፒውተር ላይ ግን እጇ አያፍርም። ስለዚህ ሲስተሙን የመከታተል ኃላፊነት ለእሷ ተሰጠ።

በመጀመሪያው የሰኞ ስብሰባ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ቀይ ሆኖ የወጣው የጋሽ ይትባረክ ስም ነበር። ጋሽ ይትባረክ የድርጅቱ አንጋፋ መሐንዲስ ናቸው። ትርንጎን የመጀመሪያ ድልድይዋ ላይ እጇን ይዘው ያወጧት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ስማቸውን አዩት።

«በአባቶቻችን ብራና ላይ በቀይ የሚጻፈው የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነበር» አሉ። «እኔ ደግሞ በምን ጽድቄ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም፤ ስብሰባው እንዳበቃ ቢሮዋን ዘግታ ጥፍሯን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

ለአንዱ ያደረጉትን ለሌላው መከልከል ነውር ነው። የግዢ ክፍሉ ሰውዬ የልጆች አባት ነው፤ ላጠችለት። ሒሳብ ሹሟ ሐዘን ላይ ነበረች፤ ላጠችላት። ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም አላወቀም። ሰዎቹ ሰኞ ሰኞ እየመጡ ያላለቀ ሥራቸውን አረንጓዴ ሆኖ ያገኙት ነበር። መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ቀጥሎ ከባልደረቦቻቸው አንዱ ጨርሶላቸው ይሆናል ብለው ያስባሉ፤ በመጨረሻም ሥራውን ይተዉታል። ሲስተሙ አልቋል ካለ፣ አላለቀም ብሎ መከራከር ትዕቢት ይመስላል።

ቀዮቹ መሳቢያውን ሲሞሉ ትርንጎ ቤቷ ወስዳ በጆንያ አድርጋ አልጋዋ ሥር አስቀመጠቻቸው። አልደበዘዙም፤ አልቀዘቀዙምም። በሐምሌ ብርድ እግሯን ታሞቅባቸው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። አንድ ጊዜ ለንስሐ አባቷ ልትናገር አፏን ከፍታ፣ መሐል ላይ አፍራ ነገሩን ወደ ጾም አዞረችው።

ከቀዮቹ አንዱ ግን እንደ ሌሎቹ አልሆነም። የወንቃ ወንዝ ድልድይ ነበር፤ ሥራው «የማዶው የገመድ ማሰሪያ ኮንክሪት በጭነት ይፈተን» ይላል፤ ስሙ የጋሽ ይትባረክ ነው። ትርንጎ በላጠችው ማግስት ከበደ። ከዚያ ጆንያውን አቃጥሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። በማንኪያ አንሥታ የምሳ ዕቃዋ ውስጥ ከደነችው፤ ከዚያ ወዲህ ምሳ ከሰው ጋር መብላት ተወች።

ወንቃ ትልቅ ገደል አለው። ትምህርት ቤቱ ከማዶ ነው። ድልድዩ ሲመረቅ መጀመሪያ የሚሻገሩት ተማሪዎቹ እንደሚሆኑ በፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል። ማዶ ያለው ኮንክሪት ገመዱን ካልያዘ፣ ልጆቹን የሚይዛቸው የለም። ትርንጎ ይህን ታውቃለች፤ ትምህርቷ ነው።

በምረቃው ሳምንት በሰኞው ስብሰባ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር።

«እንደ ነሐሴ ማሳ!» አሉ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ፀዳለ። «እዩት፣ ምረቃው ራሱ አልቋል ይላል።»

እውነትም የምረቃው ሳጥን አረንጓዴ ነበር። ከፊቱ ያሉት ሁሉ ስላለቁ ሲስተሙ በራሱ ጨርሶታል።

«ምረቃው እኮ ሐሙስ ነው» አለች ትርንጎ ወለሉን እያየች።

«እንግዲህ ሲስተሙ ከእኛ ይፈጥናል ማለት ነው» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። «የተገዛውም ለዚሁ ነው።»

ትርንጎ ጋሽ ይትባረክን አየቻቸው። ጋሽ ይትባረክ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ በአንድ መኪና ሄዱ። ትርንጎ ጆንያውን ከኋላ ጫነች፤ ምሳ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አደረገች። ሾፌሩ ሞላ ወሬ ይወዳል።

«እኔ የምለው» አለ፣ «ይሄ ሲስተም ሁሉን የሚጨርስ ከሆነ እኔን ለምን ያለፋኛል? ስክሪኑ ላይ ደርሰናል አይደል?»

«ደርሰን ተመልሰናል» አለች ትርንጎ።

«አበሌስ?»

«እሱ ገና ነው።»

«አውቄው ነበር!» አለ ሞላና ማርሽ ቀየረ።

አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር ትርንጎ ሻርፗን ለቀቀች።

«ጋሽ ይትባረክ፣ የማዶውን ኮንክሪት ፈትነውታል?»

«ሲስተሙ ተፈትኗል ይላል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አዩ። «ልሄድ አስቤ ነበር። ጉልበቴ ገደሉን አልወርድም አለኝ። ይህን ደግሞ በዚህ ዕድሜ ለማን ይናገሩታል? ዛሬ ነገ ስል፣ አንድ ሰኞ ብመጣ አረንጓዴ ሆኗል። ከልጆቹ አንዱ ገመናዬን ሸፍኖ ፈትኖልኛል ብዬ መረቅሁት።»

«ማንም አልፈተነውም። ቀዩን የላጥኩት እኔ ነኝ።»

ምሳ ዕቃውን ከፈተችው። የመኪናው ጣሪያ ቀላ።

ሞላ በመስታወቱ አየ። «በርበሬ ነው?» አለ።

«አይደለም» አሉ ጋሽ ይትባረክ። ቀዩን በመሐረባቸው አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ስሜ አለበት። መቼም ቅዱስ አላደረገኝም።» ቀና ብለው አዩዋት። «ይህችን ብቻ ነው?»

«ሁሉንም። ሲስተሙ ከገባ ጀምሮ። ጆንያው ከኋላ ነው።»

«ለምን ልጄ?»

«እርስዎን በቀይ ማየት አፍሬ።»

«ቀልዴን እኮ ነበር» አሉ ጋሽ ይትባረክ።

ቀዩን በመሐረባቸው ቋጥረው ያዙት።

ወንቃ ሲደርሱ እንግዶቹ ከወዲህ ማዶ ቆመዋል። ሪባኑ ተወጥሯል። ተማሪዎቹ ሰማያዊ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ተሰልፈዋል። ይሁን እንጂ ማንም ወደ ሪባኑ አይመለከትም። ሁሉም የሚያየው ከወንዙ ባሻገር ነው።

እዚያ ሲስተሙ አልቋል ያለው ምረቃ ተካሂዷል። የተቆረጠ ሪባን መሬት ላይ ወድቋል። ሰዎች ያጨበጭባሉ፤ ጭብጨባው ግን አይሰማም። ሰማያዊ የለበሱ ልጆች እየዘለሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳሉ።

«ያ የኔ ቀሚስ ነው» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። ማዶ ያለችው፣ ቁርጥ እሳቸውን የምትመስል ሴትዮ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ንግግር ታደርግ ነበር። «ቀደሙን» አሉ ቀጥለው። መቀሱን ከትሪው አነሡ። «እንግዲህ እነሱ በሰላም ከተሻገሩ እኛም እንሻገራለን። ልጆች፣ ተዘጋጁ!»

ትርንጎ ጆንያውን እየጎተተች በእንግዶቹ መሐል አለፈች፤ በሪባኑ ሥር ጎንበስ ብላ ወጥታ የድልድዩ አፍ ላይ ቆመች።

«ማንም አይሻገርም» አለች። ድምፅዋ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። እሷ ራሷ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አታውቅም ነበር። «የማዶው ኮንክሪት አልተፈተነም። ሌላም ብዙ ያላለቀ ነገር አለ። ያለቀ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ።»

«ትርንጎ!» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ ዝቅ አድርገው። «እንግዳ ፊት?»

«እንግዳ ፊት ነው እንጂ። የሚሻገሩት እነሱ አይደሉም?»

ጆንያውን ገለበጠችው። ቀዮቹ የመጀመሪያው ሳንቃ ላይ ፈሰሱ። አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ፣ እንደ ጡብ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ አጥር ሆኑ። ሙቀቱ የፊት ሰልፈኞቹን ወደ ኋላ ገፋ። ጋሽ ይትባረክ በሞላ ተደግፈው መጡና የራሳቸውን አናቱ ላይ አስቀመጡት።

«ስሜ ይነበብ» አሉ። «እኔ ነኝ ያልሄድኩት። ጉልበቴን ያመኛል።»

ወይዘሮ ፀዳለ አጥሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። መሐል ላይ የራሳቸውን ስም አገኙ። መቀሱን ወደ ትሪው መለሱ።

መምህራኑ ልጆቹን እየቆጠሩ ከገደሉ አፋፍ አራቋቸው። አንድም አልጎደለም።

ያን ጊዜ ማዶ ያሉት ማጨብጨባቸውን አቆሙ። ሁሉም በአንድነት ወደዚህ ዞሩ። ጉልበታቸውን የማያማቸው የማዶው ጋሽ ይትባረክ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ኑ አሏቸው። ማንም ስላልሄደ እነሱ መምጣት ጀመሩ። ከሁሉ ፊት የማዶዋ ትርንጎ ነበረች። ሻርፗን አልጠመዘዘችም፤ ጆንያም አልያዘችም። ድልድዩ ላይ ወጥታ ስትራመድ ሳንቃው አልጮኸም፤ ገመዱም አልተነቃነቀም።

አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ፈገግ ብላ እጇን በቀዮቹ አናት ላይ ወደ ወዲህኛዋ ትርንጎ ዘረጋች። ጥፍሯ ንጹሕ ነበር።